ማኅሌታዊው ቅዱስ ያሬድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ትምህርታችን ስለ ተስዓቱ ቅዱሳን ተምረን ነበር። ዛሬ ደግሞ በእነርሱ ዘመን የኖረውን፣ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ በዜማው የምታመሰግንበትን የቅዱስ ያሬድን ሕይወት እንማራለን።

ትምህርቱን ከመጀመራችን በፊት ግን ስለ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ጥቂት ልንገራችሁ። እኔ እንደ እናንተ ልጅ ሳለሁ በደብራችን ከሃምሳ ዓመት በላይ በማኅሌት ያገለገሉ መሪጌታ ነበሩ። በወጣትነታቸው ድምፃቸው ከቅኔ ማኅሌቱ አልፎ ከቅጥሩ ውጭ ይሰማ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ይነግሩን ነበር። እኔ ስደርስባቸው ግን እርጅና ድምፃቸውን ወስዶት ነበር። ቢሆንም ግንቦት 11 ቀን ሲደርስ ማንም ሳይቀድማቸው በዋዜማው ይመጣሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሌሊቱን ሙሉ ይቆማሉ። መዘምራኑ ሲሳሳቱ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ ሲያስተካክሉ ደግሞ ፊታቸው ይበራል። አንድ ሌሊት እጅግ ደክመው አይተን እንዲቀመጡ ብንለምናቸው፣ ቀኑ የመምህራቸው ቀን ስለ ሆነ መቀመጥ እንደማይገባቸው ነግረው እምቢ አሉን። እኛም ልጆች ነበርንና መምህራቸው በአንድ ሩቅ አገር ያሉ ሽማግሌ መሰሉን። ኋላ ስንጠይቅ ግን መምህሬ የሚሉት ከ1400 ዓመት በላይ አስቀድሞ የኖረውን ቅዱስ ያሬድን እንደ ሆነ ተረዳን።

ልጆች! አንድ ዘማሪ በዓይኑ ያላየውን፣ ድምፁንም በጆሮው ያልሰማውን ሌላ ዘማሪ ይህን ያህል የሚወደው ለምን ይመስላችኋል? የዛሬው ትምህርታችን የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በጥሞና ተከታተሉ።

1. ልደቱና ልጅነቱ

ቅዱስ ያሬድ የተወለደው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ነው። አባቱ አብዩድ፣ እናቱ ታውክልያ ይባላሉ። አክሱም በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። እስከ ዛሬ ድረስ የምናደንቃቸው ረጃጅም የድንጋይ ሐውልቶች ያሬድ ከመወለዱ በፊት ተሠርተው ነበር። ክርስትናም በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከት በአገራችን ከተስፋፋ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ካህናቱ ሌትና ቀን ይጸልዩ ነበር። ነገር ግን ጸሎቱ የሚደርሰው በዝቅተኛ ድምፅ ነበር እንጂ ዛሬ እንደምንሰማው ከፍ ባለ ዜማ አልነበረም።

ያሬድ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱ ብቻዋን ቀረች። ልጇ ያለ አባት ቢያድግም ያለ ትምህርት እንዳይቀር ስለ ፈለገች፣ ዘመዱ ለሆነው ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን መጻሕፍትን የሚያስተምር ሊቅ ነበር። እናቲቱ ልጇን ይዛ ወደ መምህሩ ስትሄድ ምን ያህል ተስፋ አድርጋ እንደ ነበር አስቡ።

የያሬድ ትምህርት ግን እንደ ተስፋዋ አልሆነም። መምህሩ የነገረውን ማታ ይይዛል፤ ሲነጋ ይጠፋበታል። አብረውት የጀመሩ ልጆች ፊደል ቆጥረው፣ ንባብ ለይተው ዳዊት ሲደግሙ እርሱ ከነበረበት አልተነሣም። ባልንጀሮቹ ይስቁበት ጀመር። መምህሩም የሰነፈ መስሎት ይገሥጸው፣ ይገርፈውም ነበር። ልጆች፣ ያሬድ ሰነፍ አልነበረም። መማር ይፈልጋል፤ ነገር ግን ትምህርቱ አልገባህ አለው። ከእናንተም መካከል በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረ ካለ የያሬድ ልብ እንዴት እንደ ነበር ይረዳዋል።

2. ማይ ኪራህ

አንድ ቀን ግርፋቱና ነቀፋው ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ትምህርት ቤቱን ጥሎ ሄደ። መንገድ ሲሄድ ማይ ኪራህ ከተባለው ቦታ ደረሰ። ደክሞት ስለ ነበር ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያ ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ያስብ ነበር፤ ወደ አባ ጌዴዎን እንዳይመለስ።

እንደ ተቀመጠም ዓይኑ ከአንዲት ትል ላይ አረፈ። ትሏ የዛፉን ፍሬ ልትበላ ግንዱን ትወጣለች። ጥቂት ከፍ ካለች በኋላ ትወድቃለች። እንደ ገና ትጀምራለች፤ እንደ ገና ትወድቃለች። እንዲህ ስድስት ጊዜ ወደቀች። ያሬድም ሳይሰለች ተመለከታት። በሰባተኛው ግን ከዛፉ ላይ ደረሰችና የተመኘችውን ፍሬ በላች።

ያሬድ ይህን ባየ ጊዜ ልቡ ተነካ። ይህች ትል አጥንት የላትም፣ ክንፍ የላትም፣ የሚያበረታት መምህርም የላትም። ስድስት ጊዜ ወድቃ ሰባተኛ ከተነሣች፣ እርሱ ሰው ሆኖ ግርፋት ፈርቶ መሸሹ አሳፈረው። ከተቀመጠበት ተነሥቶ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ልጆች፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ነገር የቱ ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ትሏን ብቻ ያስታውሳል። ከባዱ ግን መንገዱ ነው። ያሬድ ወደ ሸሸው ቤት፣ ወደ ሳቁበት ልጆች፣ ወደ ቀጣው መምህር በገዛ እግሩ ተመልሶ ሄደ። አባ ጌዴዎንንም ይቅርታ ጠይቆ እንደ ገና እንዲያስተምረው ለመነው። አባ ጌዴዎንም ተቀበለው፤ እግዚአብሔር ልቡናውን እንዲያበራለትም ጸለየለት።

እግዚአብሔርም ጸሎታቸውን ሰማ። ያሬድ ቀድሞ ያቃተውን ትምህርት በጥቂት ጊዜ አወቀ። ዳዊትን፣ ከዚያም የብሉይና የሐዲስ መጻሕፍትን ተምሮ ጨረሰ። ዲያቆን ሆኖም በአክሱም ጽዮን ያገለግል ጀመር።

3. ዜማውን እንዴት ተቀበለ?

ስንክሳርና ገድሉ እንደሚተርኩልን፣ እግዚአብሔር ምስጋናውን በሰው አንደበት በዜማ ሊሰማ በወደደ ጊዜ ሦስት አዕዋፍን ከኤዶም ገነት ወደ ያሬድ ላከ። ወፎቹም በሰው ቋንቋ አነጋገሩት። ከዚያም ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ነጠቁት። በዚያም ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ሲያመሰግኑ ሰማ፤ ዜማቸውንም አጠና።

ወደ አክሱም በተመለሰ ጊዜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ወደ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ከፍ ባለ ድምፅ አመሰገነ። ይህን የመጀመሪያ ዜማውን አርያም ብሎ ጠራው። ድምፁን የሰሙ ሁሉ ከያሉበት መጡ። ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ ታላላቆችና ሕዝቡም ቆመው ሲያዳምጡት ዋሉ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር በጆሯቸው ገብቶ አያውቅም ነበርና።

ቅዱስ ያሬድ የደረሰልን ዜማ ሦስት ዓይነት ነው። ስማቸውንም በቃላችሁ ያዙ።

ግዕዝ፦ ጠንካራና ጽኑ ዜማ ነው። በአብ ይመሰላል።

ዕዝል፦ ለስለስና ረጋ ያለ ዜማ ነው። በወልድ ይመሰላል።

አራራይ፦ ልብን የሚያራራ፣ ቀጠን ያለ ዜማ ነው። በመንፈስ ቅዱስ ይመሰላል።

ሦስቱ ዜማዎች አንድ ምስጋና እንደሚያቀርቡ፣ ሦስቱ አካላትም አንድ አምላክ መሆናቸውን ሊቃውንቱ በዚህ ያስተምሩናል።

4. የደረሳቸው መጻሕፍት

የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጻሕፍት አምስት ናቸው። እነርሱም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬ እና መዋሥዕት ናቸው።

ድጓ ከሁሉ ሰፊው ነው። የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት ይዞ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ስለ ዝናቡና ስለ ዘሩ፣ አበባ ሲፈነዳ ስለ ጽጌው፣ ፋሲካ ሲደርስ ስለ ትንሣኤው ያዜማል። ያሬድ ዜማውን የሠራው ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በየወቅቱ በዓይኑ ከሚያየው ከእግዚአብሔር ሥራ ጋር አዋሕዶ ነው።

ጾመ ድጓ በዐቢይ ጾም የሚዜም ነው። ልጆች፣ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና እያላችሁ የጾሙን እሑዶች ትቆጥራላችሁ አይደለም? እነዚህን ስሞች ያገኘናቸው ከቅዱስ ያሬድ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልጅም ሳይቀር በየዓመቱ የያሬድን ቃል በአፉ ይዞ ይጾማል ማለት ነው።

ምዕራፍ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር እየተሰናሰለ በየዕለቱ የሚደርሰው ነው። ዝማሬ ከቅዱስ ቁርባን በኋላ የሚዜም ነው። መዋሥዕት ደግሞ በሙታን ፍትሐትና መታሰቢያ ይዜማል። ከእነዚህም ሌላ ለእመቤታችን የደረሰው አንቀጸ ብርሃን የተባለ ምስጋና አለ፤ እርሱን ወደ በኋላ እናገኘዋለን።

እንግዲህ ተመልከቱ። ሰው ሲጠመቅ፣ ሲጾም፣ ሲቆርብ፣ በዓል ሲያከብር፣ በመጨረሻም ሲሞት የያሬድ ዜማ ከእርሱ አይለይም። ፊደል ማወቅ ያቃተው ያ ልጅ ለሕዝብ ሁሉ እንዲህ ያለ ሀብት ትቶ አለፈ።

5. ንጉሡና ጦሩ

በዚያን ጊዜ በአክሱም የነገሠው ዐፄ ገብረ መስቀል ነበር። ንጉሡ የያሬድን ዜማ እጅግ ይወድ ነበር። አንድ ቀን ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ያዜማል። ንጉሡም ጦሩን ይዞ ያዳምጣል። ልቡ በዜማው ተመሥጦ ስለ ነበር የጦሩን ስለት ሳያውቅ በያሬድ እግር ላይ ተክሎ ተደገፈበት። ጦሩ እግሩን ወጋው፤ ደሙም ፈሰሰ። ያሬድ ግን በምስጋናው ተመስጦ ነበርና አልተሰማውም። ንጉሡም አላየም። ዜማው ሲፈጸም ነው ሁለቱም ደሙን ያዩት።

ንጉሡ እጅግ ደነገጠ። ጦሩንም ነቀለ። ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ የፈለገውን ሁሉ እንዲጠይቀው ነገረው። ልጆች፣ ያሬድ በዚያ ሰዓት ምን መጠየቅ ይችል ነበር? ወርቅ ቢል ወርቅ፣ ርስት ቢል ርስት፣ ሹመት ቢል ሹመት ይሰጠው ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ንጉሡ እንዳይከለክለው አስማለው። ከማለለትም በኋላ ከከተማው ወጥቶ በገዳም በጾምና በጸሎት እንዲኖር እንዲያሰናብተው ለመነ።

ንጉሡ ይህን ሲሰማ ከመሳፍንቱ ጋር አዘነ። ሊከለክለው ፈለገ፤ ነገር ግን መሐላውን ማፍረስ አልተቻለውም። በጣም የሚወደውን ዘማሪ እያዘነ አሰናበተው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ንጉሡ ያሬድን ይወደው ነበር፤ ፍቅሩም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ሰው የሚወደውን ዘማሪ በወርቅም፣ በሹመትም፣ በሥልጣንም ለዘላለም ከአጠገቡ ሊያኖረው አይችልም። ዘማሪው አንድ ቀን ይሄዳል። ዜማውስ? ዜማው አብሮት ይሄዳል ወይስ ይቀራል? ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

6. ከአክሱም መለየቱና ዕረፍቱ

ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ከመውጣቱ በፊት ከታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃንን በዜማ አደረሰ። ያን ጊዜም አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ከፍ ብሎ እንደ ታየ ስንክሳር ይነግረናል። ከዚያም ካህናቱንና ሕዝቡን ተሰናበተ። ሕዝቡ በልቅሶ ሸኘው።

መንገዱም ወደ ሰሜን ተራሮች ነበር። ልጆች፣ የሰሜን ተራሮች ከአገራችን ተራሮች ሁሉ የሚበልጡት ናቸው። ሌሊቱ ብርድ፣ ጠዋቱ አመዳይ፣ ገደሉም የሚያስፈራ ነው። የቤተ መንግሥት ወዳጅ የነበረው ዘማሪ በዚያ በብርድ አገር በጾምና በጸሎት ኖረ። የመጡለትንም ተማሪዎች አስተማረ። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ተለየ። አባቶቻችን ተሰወረ ይሉናል፤ መቃብሩንም ያየ ሰው የለም።

ስለዚህ ለቅዱስ ያሬድ እንደ ነገሥታቱ ሐውልት የቆመበት መቃብር የለውም። ነገር ግን ግንቦት 11 ቀን በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በማኅሌት ይታሰባል።

7. ዜማው እስከ እኛ እንዴት ደረሰ?

ያሬድ በኖረበት ዘመን ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ አልነበረም። ድምፁ ከአፉ ወጥቶ ቢቀር ኖሮ እኛ ዛሬ ስሙን ብቻ እናውቅ ነበር። ዜማውን ያዳኑት የወደዱት ተማሪዎቹ ናቸው። እርሱ ያስተማራቸው ለሌሎች አስተማሩ፤ እነዚያም ለሌሎች አወረሱ። ያሬድ ራሱ ከንጉሡ ከገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር በጋይንት ወዳለችው ወደ ዙር አምባ እንደ ሄደና በዚያ እንዳስተማረ ይተረካል። ዙር አምባ እስከ ዛሬ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት።

በ16ኛው መቶ ዘመን ግን ታላቅ አደጋ መጣ። በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ፤ ሊቃውንትም ሞቱ። ዜማ የሚኖረው በመምህራን ልብ ውስጥ ነውና፣ አንድ መምህር ሲሞት አንድ መጽሐፍ ቤት እንደ ተቃጠለ ይቆጠራል። ያሬድ ከሞተ ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ዜማው ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር።

በዚያን ጊዜ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ዓዛዥ ጌራና ዓዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ተነሡ። እነርሱም ያሬድን አላዩትም። ነገር ግን ዜማውን ስለሚወዱት ለኋላው ትውልድ እንዳይጠፋ የድጓውን ምልክት አደራጅተው አስተማሩ። የድጓ መጽሐፍ ስታዩ ከፊደሉ በላይ ደቃቅ ምልክቶች አሉ። ስማቸውም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ነው፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ።

እያንዳንዱ ምልክት ለዘማሪው አንድ ነገር ይነግረዋል። ድፋት ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ፣ ቅናት ከፍ እንዲያደርግ፣ ደረት ከደረቱ በወፍራሙ እንዲያወጣ፣ ርክርክ እንዲያርገበግብ፣ ሂደት ፈጠን ብሎ እንዲሄድ፣ ቁርጥ እንዲቆርጥ ያሳስበዋል። አባቶች ምልክቶቹን በጌታችን ሕማማት ይመስሏቸዋል። ይዘት በመያዙ፣ ርክርክ በደሙ ነጠብጣብ ይመሰላል። ስለዚህ ዘማሪው ድምፁን ሲያወጣና ሲያወርድ የጌታን መከራ ያስባል።

ምልክቱ ግን ብቻውን አይበቃም። ዜማውን ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቱን ቢያይ ምንም አይገባውም። ለዚህ ነው የዜማ ትምህርት ቤቶች የቆሙት። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የተማረ ሰው በዚያ ታርሞና ተመስክሮለት መምህር ይሆናል። የቤተልሔም፣ የአቻብርና የቆማ እየተባለ የዜማው ስልት ይለያያል እንጂ ሁሉም የያሬድ ነው።

በኋላ ዘመን የተነሡትም እንዲሁ ናቸው። በጨዋታቸውና በቀልዳቸው የምታውቋቸው አለቃ ገብረ ሐና ታላቅ የአቋቋም ሊቅም ነበሩ። የተክሌ አቋቋም የተባለውን ውብ ዝማሜ ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩና እርሱም በደብረ ታቦር እንዳስፋፋው ይነገራል። አዲስ የአካል እንቅስቃሴ አመጡ፤ የሚዘመረው ቃል ግን ያው የያሬድ ቃል ነው። መምህሩን የሚወድ ተማሪ እንዲህ ነው፤ የራሱን ውበት ይጨምራል እንጂ የተቀበለውን አይጥልም።

8. የአብነት ተማሪ ፍቅር

አሁን መጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ዘማሪ ያላየውን ዘማሪ ይህን ያህል የሚወደው ለምንድን ነው?

የአብነት ተማሪ ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ አገር ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእመቤታችን ስም ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ብርድ ይመታዋል። ከሣር በሠራት ጎጆ ያድራል። ሌሊት በጨለማ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ በቃሉ ያጠናል። ድጓን ለመጨረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ብራና ዳምጦ ድጓውን በእጁ የሚጽፍም አለ። የያዘው ሲጠፋበት፣ ድምፁ አልታዘዝ ሲለው፣ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲነሣ ያን ጊዜ ማይ ኪራህ ትዝ ይለዋል። መምህሬ ያለው ያሬድም እንደ እርሱ አቅቶት እንደ ነበር ያስታውሳል። እንደ ገናም ይቀመጣል።

ስለዚህ ተማሪው ያሬድን የሚወደው ድምፁ ስላማረ ብቻ አይደለም። ያሬድ የእርሱን ድካም ቀድሞ ደክሞታልና ነው። አንድ ቀንም ዜማው ተሳክቶለት ከአፉ ሲወጣ፣ ያ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በአክሱም የተሰማው ዜማ በእርሱ አንደበት እንደ ገና ይሰማል። ይህ ንጉሡ በወርቁ ያላገኘው ነገር ነው። ንጉሡ ዘማሪውን ከአጠገቡ ሊያቆየው ፈልጎ አልቻለም፤ ድሃው ተማሪ ግን በትዕግሥቱ ዜማውን በልቡ አኖረው።

የደብራችን መሪጌታም እንዲሁ ነበሩ። ድምፃቸው ከሄደ በኋላም ማኅሌቱን አልተዉም። ያሬድን የሚወዱት በራሳቸው ድምፅ ለመመስገን ቢሆን ኖሮ ድምፃቸው ሲደክም ቤታቸው በቀሩ ነበር። እርሳቸው ግን ለእኛ ለልጆች አንድ አንድ ቃል እያረሙ አስተማሩን። መጀመሪያ ያስተማሩኝን ቃል ሰባት ጊዜ ሳይሆን ሰባ ጊዜ ያህል ሳልሳሳት አልቀረሁም። አንድ ቀንም አልሳቁብኝም። እርሳቸው ዐርፈዋል፤ እኔ ዛሬ ለእናንተ የማስተምረው ዜማ ግን ከእርሳቸው የተቀበልኩት ነው።

9. ከቅዱስ ያሬድ ሕይወት ምን እንማራለን?

አንደኛ፦ ትምህርት ቢከብደን ተስፋ መቁረጥ አይገባንም። ያሬድ የዘገየ ተማሪ ነበር፤ ነገር ግን የሊቃውንት መምህር ሆነ።

ሁለተኛ፦ ከሸሸንበት መመለስ ሽንፈት አይደለም። ይቅርታ መጠየቅም አያዋርድም።

ሦስተኛ፦ በሚዘገይ ባልንጀራችን ላይ መሳቅ አይገባንም። በአክሱም በያሬድ የሳቁት ልጆች በማን ላይ እንደሚስቁ አላወቁም ነበር።

አራተኛ፦ የተሰጠንን ጸጋ ለክብራችን ሳይሆን ለእግዚአብሔር ምስጋና እናውለው። ያሬድ በንጉሡ ፊት እጅግ በተወደደበት ሰዓት ብቸኝነትን መረጠ።

አምስተኛ፦ የምንወደውን ዘማሪ በማድነቅ ብቻ አንቁም። ዛሬ የሊቃውንቱን ዜማ በካሴትም በስልክም መስማት ይቻላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሰምቶ ማድነቅ ለአንድ ሰዓት ነው፤ ተምሮ ማስተላለፍ ግን ለትውልድ ነው። ከእናንተ መካከል አንዳችሁ እንኳ አንድ ዜማ በሚገባ አጥንታችሁ ለታናሻችሁ ብታስተምሩ ከዓዛዥ ጌራና ከዓዛዥ ራጉኤል ሥራ ተካፋይ ትሆናላችሁ።

የቃላት ፍቺ

መሪጌታ፦ የማኅሌት መሪና የዜማ መምህር።

መቋሚያ፦ ዘማሪዎች በማኅሌት ጊዜ የሚደገፉትና የሚዘምሙበት በትር።

ዝማሜ፦ በመቋሚያና በአካል እንቅስቃሴ የሚቀርብ ምስጋና።

ደበሎ፦ ከበግ ቆዳ የሚሠራ የተማሪ ልብስ።

አኩፋዳ፦ ተማሪ የለመነውን ቁራሽ የሚይዝበት ዕቃ።

አመዳይ፦ በብርድ ጊዜ በሣር ላይ የሚረጋ ነጭ ውርጭ።

ማስመስከሪያ፦ የተማረ ሰው ዕውቀቱ ተፈትኖ የሚመሰከርለት ጉባኤ ቤት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ቅዱስ ያሬድ መቼና የት ተወለደ? መምህሩስ ማን ይባላል?

2. በማይ ኪራህ ያየው ነገር ምን ነበር? ካየ በኋላስ ምን አደረገ?

3. ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች በየስማቸው ጻፉ።

4. አምስቱ የያሬድ የዜማ መጻሕፍት እነማን ናቸው?

5. ዐፄ ገብረ መስቀል ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ ሊሰጠው ሲፈልግ ያሬድ ምን ጠየቀ? እናንተ ብትሆኑስ ምን ትጠይቁ ነበር?

6. ዓዛዥ ጌራና ዓዛዥ ራጉኤል ለቤተ ክርስቲያን ምን ሠሩ?

የቤት ሥራ፦ የዐቢይ ጾምን እሑዶች ስም በቅደም ተከተል ጽፋችሁ ኑ። በአጥቢያችሁ ያሉትን አንድ አረጋዊ ዘማሪም ቀርባችሁ፣ እጅ ነሥታችሁ፣ ዜማ ከማን እንደ ተማሩ ጠይቋቸው። የነገሯችሁን በሚቀጥለው ሰንበት ለጓደኞቻችሁ ትነግራላችሁ።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።